ግድግዳው ቃል አያሳልፍም

ስለ ትዕግሥት እየጻፍኩ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሦስት ቀን የለፋሁበት ጽሑፍ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ደርሷል። «ቁጣ ሲመጣ እስከ አሥር ቁጠሩ» የምትለዋን ምክር ጽፌ አራት ነጥብ ላስቀምጥ ስል መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ሶኬት ላይ ካልተሰካ ከጣውላ አይሻልም። ጽሑፉን ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሴቭ አላደረግኩትም።

እስከ አሥር አልቆጠርኩም። አንድ ላይም አልደረስኩም።

«ገደልከኝ! ኧረ ገደልከኝ! አለቀልኝ! ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ ጠረጴዛውን በጡጫ ስነርተው የሻይ ብርጭቆው ተንከባለለና ሴራሚኩ ላይ ተከሰከሰ። በባዶ እግሬ ስለነበርኩ የመጨረሻዋ «ኡኡ!» እውነተኛ ሕመም ነበረባት።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። በሩ ተንኳኳ ከምል ተደበደበ ብል ይሻላል። እያነከስኩ ስከፍት እማማ ቆመዋል። እማማ የምድር ቤት ጎረቤታችን ናቸው፤ ብሎኩ ውስጥ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ለሁላችንም እማማ ብቻ ናቸው። በዚያ ጉልበታቸው ሦስት ፎቅ ወጥተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በቀኝ እጃቸው ማማሰያ ይዘዋል፤ ከማማሰያው የምስር ወጥ ጠብ ጠብ እያለ ደረጃውን ሁሉ አቅልሞታል። ከኋላቸው የግቢው ጥበቃ ጋሼ ዱላቸውን ጨብጠው፣ ከጋሼ ኋላ ደግሞ የአራተኛ ፎቁ ጎረምሳ የሞባይሉን መብራት ዓይኔ ላይ አብርቶ።

«ማን ነው?» አሉ እማማ። ማን ሞተ ማለታቸው ነው።

«ኮምፒውተሬ» አልኩ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ጋሼ ዱላቸውን ቀስ ብለው ከጀርባቸው ደበቁት። ጎረምሳው መብራቱን ወደ መሬት ሲያወርደው እግሬ ሥር ያለው ደም ታየ። እማማ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። «ቁጭ በል እስቲ» ብለው ማማሰያውን ለጋሼ አስያዙና (በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ማማሰያ የያዘ ጥበቃ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው) ስባሪውን ከተረከዜ ነቀሉልኝ። ከዚያ ቀና አሉና አየሩን አሸተቱ። «ወጤ!» ብለው ወደ ታች ሮጡ። እማማ «ወጥ ያለ ከሰል አይጣፍጥም» ባይ ናቸው፤ ከሰል ደግሞ መብራት ሲሄድ አይጠፋም።

አርሯል። ለእኔ ኮምፒውተር ሲባል አንድ ድስት ምስር ወጥ አርሯል።

በማግስቱ ሁለት ኪሎ ምስር ክክ ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። እግረ መንገዴንም ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ «ምን ሰምታችሁ ነው የመጣችሁት?» እማማ መርዶ ሰምተዋል። ጋሼ ሌባ ሰምተዋል፤ ቢላ የያዘ። ጎረምሳው ደግሞ የባልና ሚስት ጠብ ሰምቷል፤ ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ከጠዋት ጀምሮ እናቷ ዘንድ መሆኗን አያውቅም። አንድ ጩኸት፣ ሦስት ታሪክ። እማማ የወንድማቸውን ሞት በስልክ የሰሙ ሴት ናቸው። ጋሼ ባለፈው ክረምት ግቢው ውስጥ ከታሰረበት ብስክሌት ተሰርቆ ሳምንቱን ሙሉ ሲወቀሱ ከርመዋል። ጎረምሳው ለምን ጠብ እንደመሰለው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳዬን በሌላ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ይለሰናል፣ ይቀባል፣ ሥዕል ይሰቀልበታል፤ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። ለድምፅ ግን ወንፊት ነው። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ አጥብቆ ይይዛል፤ ወፍራሙን ያሳልፋል። ጎረቤት ቤት ሙዚቃ ሲከፈት ዘፋኙ ምን እንደሚል ሳይሰማን ድም ድም የሚለው ብቻ ደረታችን ላይ የሚደርሰው ለዚህ ነው። በንግግራችን ውስጥ ደግሞ እነዚያ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ተነባቢዎቹ ናቸው፤ በተለይ እነ ሰ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ።

እንግዲህ አስቡት። በአማርኛ የቃሉን ትርጉም የሚሸከመው ተነባቢው ነው። ከፈተ፣ ከፈለ፣ ሰፈረ፤ የሦስቱም አናባቢ አንድ ነው። ተነባቢዎቹን ግድግዳው ሲያስቀራቸው በሩን የከፈተውም፣ ዕዳውን የከፈለውም፣ እህሉን የሰፈረውም ማዶ የሚደርሰው «ኧ-ኧ-ኧ» ብቻ ሆኖ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ስለ ባትሪ ሳማርር፣ እማማ ዘንድ የደረሰው ቃሉ የወለቀበት ባዶ ልቅሶ ነበር። ደረጃችን ክፍት ነው፤ የተናገሩትን ያስተጋባል፤ እሱም የራሱን አስለቃሽ ጨምሮበት ይሆናል።

ደግሞስ ቃሉ ቢያልፍ ምን ሊጠቅም? «ገደልከኝ» ነው እኮ ያልኩት! አማርኛችን በዚህ በኩል ለጋስ ነው። ቁልፍ ሲጠፋ «ሞትኩ» እንላለን። ታክሲ ሲያመልጠን «አለቀልኝ»። ልጅ ጭቃ ተለውሶ ሲመጣ «እገልሃለሁ»፣ ጓደኛ ሲያስቀን «ገደልሽኝ»፣ ስናፍር «አፈር በበላሁ»። ስንምል እናታችንን እንገድላለን፤ ስንወድ ራሳችን እንሞታለን። እኔ ይህን ቅመም በምንም አልለውጠውም። ግን ቅመም ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው የተቀመመ። ፊታችንን ለማያይ፣ ሳቃችንን ለማይሰማ ሰው በርበሬው ብቻ ነው የሚደርሰው።

አክስቴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ልጇ የነርስነት ፈቃድ ፈተናዋን አልፋ በስልክ ስትነግራት፣ አክስቴ አፓርታማው መሐል ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። የእልልታ ሰው ናት፤ ሠርግ ላይ አስቀድመው የሚያስቀምጧት ዓይነት። ጎረቤት 911 ደወለ። ሁለት ፖሊሶች መጡ፤ ደንባቸው ነውና አክስቴንና ባሏን ለየብቻ አቁመው ጠየቋቸው። «ደስ ብሎኝ ነው» አለች። «እስቲ እንዴት ነበር ያልሽው?» አሏት። እሷም አልሰነፈችም፤ ሳትቆጥብ ደገመችላቸው። ያ ጎረቤት ሁለተኛ ደውሎ እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ያን ጎረቤት ግን አልፈርድበትም። አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ጉዙልስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎችን ጩኸት ብቻ አሰሟቸው፤ ፊት የለ፣ ቦታ የለ፣ ታሪክ የለ። አድማጮቹ ንዴቱንም፣ ሕመሙንም፣ ፍርሃቱንም ለመለየት ብዙ አልተቸገሩም። ያቃታቸው ደስታው ነበር። የደስታን ጩኸት ሲሰሙ ፍርሃት ነው አሉ። እልልታን በእናቱ ጀርባ ሆኖ ያልሰማ ጆሮማ እንዴት ይለየው?

ምክንያቱን ሁሉም ሲያውቅ ግን ማንም አይደነግጥም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ሲወስድ እኛ ሰፈር ያልጮኸ አልነበረም። «ገደለው!» ያለም ነበር፣ «ሞትኩ!» ያለም ነበር። ማንም ነጠላውን አላዘቀዘቀም። ከዚያ 15 ዓመት በኋላ በዚያችው ሲድኒ፣ ዎልስቶንክራፍት በተባለ ሰፈር፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሌላ ጩኸት ተሰማ። ሴት ትጮኻለች፣ ወንድ «እገልሻለሁ» ይላል፣ የቤት ዕቃ ይወረወራል። የፖሊስ መኪኖች ተከታትለው ደረሱ። በሩን የከፈተው ሰው ትንፋሽ አጥሮታል። ሚስትህ የት አለች? ሚስት የለኝም። ጓደኛህስ? እሷም የለችኝ። ታዲያ ማንን ነው እገላለሁ የምትለው? ሰውዬው እያፈረ ተናገረ፤ ሸረሪት ነው፤ ትልቅ ሸረሪት፤ ፍሊት ይዞ ሲያባርረው ነበር። የሴቲቱስ ጩኸት? እሱም የራሱ ነበር።

የሲድኒውን ሰውዬ እወደዋለሁ። እኔ ቢያንስ ጩኸቴ የወንድ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ምን ይደረግ፣ ንዴት እኮ ካልወጣ ያፈነዳል» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔም እንዲሁ ነበር የማምነው። «ተናገርኩና ወጣልኝ» የሚባል ነገር አለን፤ ንዴት እንደ ድስት እንፋሎት ክዳኑ ሲነሳ የሚያልቅ ይመስለናል። ብራድ ቡሽማን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት 600 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ድርሰት አጻፈና ድርሰታቸውን በክፉ ቃል አስተችቶ አናደዳቸው። (ጸሐፊን የማናደጃውን አቋራጭ ያውቀዋል።) ከፊሎቹ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት ደበደቡ፤ ከፊሎቹ ዝም ብለው ሁለት ደቂቃ ተቀመጡ። የደበደቡት በረዱ? እነሱ ናቸው ይበልጥ የተቆጡት። ዝም ብለው የተቀመጡት ተሻላቸው። ይኸው ሰው ከባልደረባው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 154 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምርም መልሱ አልተለወጠም፤ ሰውነትን የሚያረጋጋ ነገር ንዴትን ያበርዳል፣ ሰውነትን የሚያግል ነገር አያበርድም። ሶምሶማ እንኳ ለልብ እንጂ ለንዴት አልረዳም።

ሕመም ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ስቲቨንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳዩት፣ እጃቸውን በረዷማ ውኃ ውስጥ ነክረው የተሳደቡ ሰዎች ተራ ቃል ከደጋገሙት ይበልጥ ቻሉት። ስለዚህ ያቺን የተረከዜን «ኡኡ» ይቅር ብያታለሁ። ከእሷ በፊት የነበሩትን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ።

ለምን እንዳቃተኝ ልንገራችሁ። ከዚያ እሑድ በኋላ አንድ ቀን፣ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ፣ ስድስት ዓመት የሞላት ልጄ መተላለፊያው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ከአሻንጉሊቷ ጋር ትጫወታለች። የአሻንጉሊቷ ፀጉር ማበጠሪያው ውስጥ ተወሳስቧል። እኔ በሩ ሥር ጫማዬን እያሰርኩ ነው። «ገደልሽኝ!» አለች ልጄ። «ኧረ ገደልሽኝ! አለቀልኝ! ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ!» በዚያች ጡጫዋ ወለሉን መታችው። ሦስቷም «ወይኔ» በቦታዋ አለች፤ ሦስተኛዋ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ልክ እንደኔ።

ሳቅኩ። ጫማዬን አስሬ ጨርሼ ደረጃውን መውረድ ከጀመርኩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን እሑድ ልጄ ቤት አልነበረችም። አያቷ ዘንድ ነበረች። ይህን ዜማ ያጠናችው በሌላ ቀን ነው፤ ምናልባት በብዙ ሌሎች ቀናት፤ ማንም በሩን ባላንኳኳባቸው።

ፍሎሪዳ ውስጥ ሌክ ወርዝ ቢች በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ማብቂያ ላይ፣ «አውጡኝ» እያለ የሚጮኽ ድምፅ ሰምቶ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ባለቤቱ የሚስቱን መኪና ፍሬን እየሠራ ነው። ፈገግ ብሎ ገባና የሚጮኸውን ይዞ ወጣ፤ የ40 ዓመት በቀቀን። ሰውዬው ልጅ ሳለ፣ በቀቀኗ የሽቦ ጎጆ ውስጥ ስትዘጋ እንድትል ለቀልድ ያስተማራት ቃል ነው። እሱ አድጎ፣ አግብቶ፣ መኪና መጠገን ጀምሮ፣ ቀልዱ ግን እዚያው ቤት ውስጥ ይጮኻል። ይህን ወሬ መጀመሪያ ሳነበው እንደማንኛውም ሰው ስቄ አልፌው ነበር። ከአሻንጉሊቷ በኋላ ግን ሌላ ሆነብኝ።

እንግዲህ ምን አደረግኩ? ትልልቁን ነገር ትቼ ከትንሹ ጀመርኩ። ባትሪ ገዛሁ። አትሳቁ፤ ግማሹ ትዕግሥት ባትሪ ነው። የምናፈነዳው ንዴት አብዛኛው አዲስ አይደለም፤ ሳናስጠግነው የከረመ ቧንቧ፣ ሳንቀይረው የቆየ ቁልፍ፣ «ነገ እደውላለሁ» ያልነው ስልክ ነው። ቤታችሁ ውስጥ በወር ሁለቴ የሚያስጮኻችሁ ዕቃ ካለ፣ ይህን ገጽ አስቀምጡና ሂዱ አስጠግኑት። ይህ ጽሑፍ የትም አይሄድም፤ ሴቭ ተደርጓል።

ቀጥዬ ቃሉን ቀየርኩ። መጮኹን አላቆምኩም፤ እንደዚያ ብላችሁ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። የተደረገውን ነገር ስሙን ጠርቼ ነው የምጮኸው። «መብራት ሄደ!» «ወተቱ ገነፈለ!» «ሁለት ገጽ ጠፋብኝ!» እናንተም ሞክሩት፤ በልቅሶ ዜማ፣ ከሆዳችሁ፣ «ሴቭ አላደረግኩም!» በሉ እስቲ። አይሆንም። መሐል ላይ ያስቃል። «ገደልከኝ» ግን ገዳይ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ከሌለ በአቅራቢያው የተገኘ ሰው ገዳይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በአቅራቢያው የሚገኘው ልጅ ነው።

ካመለጠኝ ደግሞ ሲኒ አጥባለሁ። የታጠበም ቢሆን። ሲኒ ትንሽ ናት፣ ጆሮዋ ስስ ነው፤ በቁጣ ይዘው ሊያጥቧት አይችሉም፤ እጅ ሲለዝብ ትንፋሽም አብሮ ይለዝባል። ስድስተኛዋ ሲኒ ላይ ስደርስ ብዙውን ጊዜ ስለ ምን እንደተቆጣሁ ለማስታወስ ማሰብ አለብኝ። ይህን የሚደግፍ ጥናት አልጠቅስላችሁም፤ ሲኒ የማጥበው ያ «ዝም ብሎ መቀመጥ» የሚባለው ለእኔ ስለማይሆንልኝ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የመጨረሻው ነው። በሩን ከፍቼ ለደረጃው ማስታወቅ። «ደህና ነን! መብራት ነው!» መጀመሪያ ቀን አፌን ያዘኝ፤ ትልቅ ሰው ባዶ ደረጃ ላይ ቆሞ መግለጫ ሲሰጥ ደስ አይልም። ሁለተኛው ቀን ከታች እማማ «ተመስገን!» አሉ። ሦስተኛው ቀን ካላወቅኩት ፎቅ አንድ ሴት «እኛም ሄዶብናል! ቻርጀር ላይ የሰካሁትንም ይዞት ሄደ!» አለች። ይኸው እንግዲህ፣ አራት ዓመት አብሬያት ደረጃ የወጣሁ ጎረቤቴን የተዋወቅኩት ያን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን ማንም እንዲሳሳትብኝ አልፈልግም። ስህተቱ የእማማ አልነበረም። እማማ ወጣቸውን ጥለው በመምጣታቸው ተሳስተዋል የሚል ሰው ካለ፣ የእሱ ጎረቤት አያድርገኝ። እኛ አገር ኡኡታ ጥሪ ነው፤ የሰማ እግሩ ሳያመነታ ይሄዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 እንኳ፣ በራሱ ወይም በሌላ ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት እየቻለ፣ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሆን ብሎ ሳይረዳ የቀረን ሰው ይቀጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ኮምፒውተርን መርዶ ብሎ የሚሮጠው ጆሮ አይደለም። ሌላኛው ነው፤ እውነተኛ ዱላ እየሰማ «የባልና ሚስት ጠብ ነው» ብሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምረው።

እማማን ጠየቅኳቸው። «ባዶ ነገር ሆኖ ባገኙት ጊዜ አያፍሩም?» አልኳቸው።

«ምን ያሳፍራል?» አሉኝ። «ቢበዛ ወጥ ነው የሚያርረው።» ከዚያ ጠጋ ብለው ዘዴያቸውን ነገሩኝ። ነገሩ ያልለየለት ሲሆን፣ ቤተኞቹን እንዳያሳፍሩ፣ ጨው ሊበደሩ ይሄዳሉ። «ጨው አለሽ?» ይላሉ በሩ ሲከፈት። ጨው እስክትመጣ ዓይናቸው ቤቱን ይዞራል፤ የሴትዮዋን ፊት፣ የልጆቹን አቀማመጥ፣ የተሰበረ ነገር ካለ። ደህና ከሆነ ጨዋቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ደህና ካልሆነ አይመለሱም፤ ቁጭ ይላሉ፤ ቡና ያስፈላሉ። ከዚያ የባሰ ከሆነ ጋሼን ይልካሉ፤ ከጋሼ ያለፈ ከሆነ ደግሞ 991 አለ። እማማ ቤት ስንት ኪሎ ጨው እንዳለ ያየሁት ያን ቀን ነው። መደርደሪያው ሙሉ ነው።

እንዲህ ያለ ጆሮ እንደ እረኛው «ጅብ መጣ!» እየጮኹ የሚያባክኑት ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ባትሪ የገዛሁት፤ ለዚህ ነው ሲኒ የማጥበው። እማማ አንድ ቀን ለእውነት ሊያስፈልጉኝ ይችላሉ፤ ያን ቀን «ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው» ብለው ወጣቸውን እንዲያማስሉ አልፈልግም።

ባለፈው ሰሞን አንድ ምሽት ባለቤቴ አምሽታ ነበርና ለእራት ሽሮ ጣድኩ። ሽሮ ዓይን ይፈልጋል። እያማሰልኩ ሳለ ከላይ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ የሴት ጩኸት መጣ። ረጅም ነው፤ መጨረሻው የተቆረጠ። ደረጃው ላይ የተገኘሁት ምን እንደሆነ ሳላስብ ነው። ከታች እማማ የደረጃውን ብረት እየያዙ ይወጣሉ፤ ጋሼ ከኋላቸው። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጎረምሳው እናት ሞባይሏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ልጇ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱን በጉልበቱ መሐል ቀብሯል።

«አለፈ!» አለችን። «አለፈ! አለፈ!»

እማማ እጃቸው ወደ ነጠላቸው ሄደ። እኔ ጉልበቴ ከዳኝ። ማን አለፈ? ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ ጎረምሳው ቀና አለ። እየሳቀ ነው፤ እያለቀሰም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቆ ነበር። ይህ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ማለፊያውን ያገኙበት ፈተና ነው፤ ከዚያ ወዲህ «አለፈ» የሚለውን ቃል ቀስ ብሎ የሚናገር እናት አላውቅም። እማማ ነጠላቸውን ለማዘቅዘቅ ያነሱትን እጅ ወደ አፋቸው ወሰዱና እልልታውን ለቀቁት፤ ከታች ፎቆች በሮች ሲከፈቱ ይሰማል፤ የሰው ኮቴ ወደ ላይ ይመጣል። ጋሼ ጎረምሳውን ከመሬት አንስተው አቀፉት። እኔም ለማቀፍ እጄን ስዘረጋ ማማሰያው አብሮኝ ተዘረጋ።

እማማ ማማሰያውን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው አየሩን አሸተቱ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ምን ጥደህ ነው የመጣኸው?»